የካሉብ ጋዝና የአማኑኤል ምጣድ

የመርካቶው ምናለሽ ተራ በመዶሻ ድምፅ ነው የሚነጋው። አማኑኤልን ተሳልመው የሚመለሱ እናቶች ወደ ተራው ሲጠጉ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ መደማመጥ አይቻልም። አንዱ ወጣት የሞተር ዘይት የነበረበትን በርሜል በመሮ ይቀድዳል፤ ሌላው የተቀደደውን ላሜራ ጉልበቱ ላይ ደግፎ ያቀናል። ቆራሌው ከየሰፈሩ ለቅሞ ያመጣው ቆርቆሮ እዚህ ሲደርስ የከሰል ምድጃ፣ ባልዲ፣ የምጣድ ክዳን ይሆናል። ከባሕር ማዶ ዘይት ይዞ የመጣው በርሜል የመጨረሻ ዕጣው ከሰል ማንደድ ነው።

አለፍ ብሎ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሠሪዎቹ አሉ። የሸክላው ምጣድ በቀጨኔና በከተማው ዙሪያ ባሉ ሸክላ ሠሪ እናቶች እጅ ተተኩሶ ይመጣል። ጀርባው ላይ ከመሃል ጀምሮ እየዞረ እስከ ዳር የሚወጣ ቦይ አለው። ሠራተኛው የተጠቀለለውን ሽቦ ለእያንዳንዱ ዙር እኩል እንዲደርስ እየሳበ ቦዩ ውስጥ ያስተኛዋል። አንድ ቦታ ከተጠጋጋ እንጀራው እዚያ ጋ ያርራል፤ ከተራራቀ ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ከዚያ ጄሶ በጥብጦ ይደፍንበታል። ጄሶው ሲደርቅ ላሜራው ውስጥ ይገባል፣ ወፍራም ገመድ ይታሰርለታል፣ ይሰካና ይፈተሻል።

«ቆጣሪ አይበላብኝም?» ትላለች ገዢዋ።

«ኧረ እናቴ፣ ቶሎ ነው የሚግለው። ደግሞ ሲበቃሽ ንቀይው።»

ዋጋው ላይ ተከራክረው ይስማማሉ። ሴትየዋ ምጣዱን ካሸከመች በኋላ ግን ወደ በርሜል ቀዳጆቹ ትመለስና የከሰል ምድጃም ትገዛለች። ለምን ብሎ የሚጠይቃት የለም። መብራት ሲጠፋ ምን ልትሆን ነው?

የአገሪቱ የኃይል ክርክር በሙሉ ከዚህች ሴት ሁለት ግዢዎች መሃል ይገባል። ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ምርቃቶች አይተናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 13 ተርባይኖች ያሉት፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፋብሪካ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ፤ በዚያው ሰሞን ጎዴ ላይ ሊሠራ ለታሰበው የነዳጅ ማጣሪያ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ሁለቱም የአገር ኩራት ናቸው ተብሎ ተጨበጨበ። እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ያለን ገንዘብ ለሁሉም አይበቃም፤ ቀጣዩ ብር የት ይዋል ብሎ መጠየቅ ደግሞ ከደስታው ጋር አይጋጭም።

ኦጋዴን ውስጥ ነዳጅ መፈለግ የትናንት ነገር አይደለም። የአሜሪካው ሲንክሌር ኩባንያ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የፍለጋ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1945 ነበር። ዓመታት ቆፍሮ ለገበያ የሚሆን ሳያገኝ ወጣ። ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ቴኔኮ ካሉብ ላይ ጋዝ አገኘ። አብዮቱ መጣ፣ ቴኔኮ ሄደ፣ ሶቪየቶች ተተኩ፤ እነሱም ጉድጓድ ጨምረው ቆፍረው ከደርግ መውደቅ ጋር ወጡ። ከዚያ ካሉብ ጋዝ አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ፣ ከዓለም ባንክ ብድር ተገኘ፣ ጋዙ ግን ከመሬት አልወጣም። የማሌዥያው ፔትሮናስ ገብቶ ወጣ። በ2006 ዓ.ም. የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል የምርት ክፍፍል ውል ፈረመ። በ2011 ዓ.ም. ጋዙን በ767 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ወደ ጅቡቲ ወደብ ለመውሰድ ከጅቡቲ ጋር ስምምነት ተደረገ፤ ቧንቧው አልተዘረጋም፣ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ የኩባንያው ውል ተሰረዘ። አሁን የተመረቀው ፋብሪካ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በዚህ መሃል የሰው ደም ፈሷል። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. አቦሌ በተባለ ቦታ የኦጋዴን ብሔራዊ ነጻ አውጪ ግንባር (ኦብነግ) ታጣቂዎች በአንድ የቻይና የነዳጅ ፍለጋ ካምፕ ላይ በከፈቱት ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል። የነዳጅን ዋጋ በበርሜልና በዶላር ብቻ የሚያሰላ ሰው ይህን ቀን መርሳት የለበትም።

ስለ ድፍድፍ ነዳጁ ደግሞ ሰኔ 21 ቀን 2010 ዓ.ም. የሰማነውን አስታውሳለሁ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የሙከራ ምርት መጀመሩን አበሰሩ። ከተማው ውስጥ የነበረው ስሜት የሚረሳ አይደለም፤ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ሰው ቤንዚን ሊረክስ ነው ይል ነበር። የሙከራው መጠን በቀን 450 በርሜል ነበር። በርሜሉ 159 ሊትር ስለሆነ ሲባዛ 71,500 ሊትር ገደማ ይመጣል። ከጅቡቲ የሚመላለሰው ቦቴ 45,000 ሊትር ያህል ይጭናል፤ እንግዲህ የዚያን ቀን የምሥራች ሁለት ቦቴ እንኳ አይሞላም ነበር። ይህን የምለው ለማናናቅ አይደለም። ሙከራ ሙከራ ነው፤ ሁሉም ከትንሽ ይጀምራል። ሕዝቡ ግን ቁጥሩን ይዞ ቢደሰት ኖሮ በኋላ ባልተከፋም ነበር።

የካሉቡን ፋብሪካም እንዲሁ እንየው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ያመርታል ተብሏል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ጋዝ የሚሰጠው ኃይል ከአንድ ሊትር ናፍጣ 60 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ 111 ሚሊዮኑ 66 ሚሊዮን ሊትር ያህል ናፍጣ ይተካል። አገሪቱ በዓመት ወደ 4 ሚሊዮን ሜትሪክ ቶን ነዳጅ ታስገባለች፤ ለዚህም ከ4 ቢሊዮን ዶላር ያላነሰ ትከፍላለች። የመጀመሪያው ምዕራፍ ከዚህ ውስጥ ከመቶ ሁለት እንኳ አይነካም። ሁለተኛው ምዕራፍ የታቀደው 1.33 ቢሊዮን ሊትር ቢደርስ ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ ከመቶ 15 በላይ ይሆናል። ያ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ገና ያልመጣ ነው።

ጎረቤቶቻችንም ብዙ ያስተምራሉ። ኡጋንዳ አልበርት ሐይቅ ዳር ነዳጅ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ወደ ታንዛንያ ታንጋ ወደብ የሚወስደው ቧንቧ 1,443 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ድፍድፉ ስለሚረጋ መንገዱን ሁሉ መሞቅ አለበት። እኛ 2017ን ስንጨርስ ኡጋንዳ ገና ለገበያ አንድ በርሜል አላቀረበችም። ኬንያ ቱርካና ውስጥ ነዳጅ ካገኘችበት እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በመኪና ጭና ሞምባሳ ያደረሰችው የሙከራ ጭነት እንጂ ኢኮኖሚዋን የለወጠ ምርት የለም። እዚያ ያገኘው ተሎው ኩባንያ ወደ እኛ ደቡብ ኦሞም ተሻግሮ በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. ጉድጓዶች ቆፍሮ ነበር፤ የሚያዋጣ ነገር ሳያገኝ ትቶ ሄደ። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይበላል፤ ደረቅ ሲሆን ገንዘቡ እዚያው ይቀራል። በአማራ ክልል ወረኢሉ አካባቢም ከመሬት የሚመነጭ ዘይት መኖሩን የሥነ ምድር ባለሙያዎች ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ያውቃሉ። የዓባይ ተፋሰስ ሥር ነዳጅ ሊኖር ይችላል። ኩባንያ በራሱ ገንዘብና በራሱ ኪሳራ ይፈልግ ካለ ይፈልግ። የመንግሥት ገንዘብ ግን እዚያ ላይ ቁማር መጫወት የለበትም እላለሁ፤ ምክንያቱም እርግጠኛውን ነገር ገና ጀምረን አልጨረስንም።

እርግጠኛው ነገር የሕዳሴው ግድብ ባለበት ጉባ ላይ አለ። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ሲጀምር የማመንጨት አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ነበር፤ ጣሊያን በጦር ካሳ ያሠራችው ነው። ከዚያ ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ግልገል ጊቤ፣ ተከዜ፣ በለስ፣ ጊቤ ሦስት እያልን እዚህ ደረስን። ዛሬ ለጅቡቲ፣ ለሱዳን፣ ለኬንያ መብራት እንሸጣለን። ምናለሽ ተራ ምጣድ የሚገዛ ሰው ግን የከሰል ምድጃ ጨምሮ ይገዛል። ለምን?

መልሱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ለሰፈር የሚተከል 315 ኪሎ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር እንዲህ ያለ ምጣድ ከ90 በላይ በአንድ ጊዜ አይችልም፤ አምፖሉን፣ ማቀዝቀዣውን፣ የብየዳ ማሽኑን ሳንቆጥር። አማኑኤል አካባቢ ባለው የቤት መጠጋጋት፣ ከፊቱ ሱቅ ከኋላው መኖሪያ በሆነበት ግቢ፣ ዘጠና ምጣድ በጥቂት መንገዶች መሃል ይገኛል። የዓውደ ዓመት ዋዜማ ሁሉም በአንድ ሰዓት ሲሰካ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ትራንስፎርመሩ ጧ ይልና ሰፈሩ ይጨልማል። ከዚያ ስልክ መደወል፣ «ተመዝግቧል» መባል፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ እንዳይፈስ መጠበቅ ነው። ጉባ ላይ ውኃው ተርፎ፣ እስከ ሆለታ የሚደርሰው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ኃይሉን ተሸክሞ፣ ችግሩ የመጨረሻዋ ሁለት መቶ ሜትር ሽቦ ላይ ነው።

ስሌቱን ሰፋ አድርገን ብንሠራው ደግሞ ያስደነግጣል። አንድ ሚሊዮን ምጣድ በአንድ ሰዓት ቢሰካ 3,500 ሜጋ ዋት ይፈልጋል፤ የሕዳሴው ግድብ ሙሉ አቅም ሁለት ሦስተኛ ማለት ነው። ስለዚህ ኃይል ተረፈን ማለት የምንችለው ገና ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው መብራት ስለሌለውና ያለውም በከሰል ስለሚያበስል ነው። ሁሉም ቢሰካ አይተርፍም።

ውኃ ብቻውን የማይታመንበት ጊዜም አለ። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት በጊቤ ሦስት ውኃ አንሶ አገሪቱ በፈረቃ መብራት ገብታ ነበር፤ የወቅቱ የውኃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስትር ስለሺ በቀለ ወጥተው ለሕዝብ አስረድተዋል። ዝናብ ሲያጥር ነፋሱ ይነፍሳል፣ ፀሐዩም ይበረታል። የአሸጎዳና የአዳማ የነፋስ ጣቢያዎች ለዚህ ይጠቅማሉ፤ ከፀሐይ ግን እስካሁን ለዋናው መስመር እዚህ ግባ የሚባል ኃይል አናገኝም። ይህ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ የሚያሳዝነኝ ነው። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ብለን ለጎብኚ ስንናገር ኖረን ለራሳችን አልተጠቀምንበትም። የከርሰ ምድር እንፋሎትም አለ፤ አሉቶ ላንጋኖ በ1990 ዓ.ም. በ7.3 ሜጋ ዋት ጀምሮ ከዚያ ብዙም አልተራመደም። እንፋሎት ድርቅ አያውቅም፤ ሌሊትም ቀንም አንድ ነው። የነዳጅ ጉድጓድ የሚቆፍረው ዓይነት ማሽን የእንፋሎት ጉድጓድም ይቆፍራል፤ ልዩነቱ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሙቀቱ እንዳለ አስቀድመን ማወቃችን ነው።

ከአማኑኤል ወደ አውቶቡስ ተራ ያለው ጎዳና ሌላ ትምህርት ይሰጣል። አየሩ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። በ2014 ክረምት መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር የቤንዚን ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ፤ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ። ማደያ ላይ የሚያድር የታክሲ ሹፌር የሰልፉን ርዝመት ከዋጋው በላይ ያማርራል። ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ከእንግዲህ አይገቡም ሲሉ ዓለም ተገረመ፤ ከኛ በፊት እንዲህ ያደረገ አገር አልነበረም። አሁን በመንግሥት ቆጠራ ከ100,000 በላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች አሉ። ደብረ ብርሃንም የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ይገጣጠማል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከተቀበለው ኃይል አብዛኛውን ለጎማው ይሰጣል፤ የነዳጁ ሞተር ሁለት ሦስተኛውን በጭስና በሙቀት ያባክናል። ለመኪናው ድፍድፍ ከመቆፈር መብራት መስጠት እንደሚሻል ይህ ብቻ ይበቃል።

ግን ንጹሕ ኃይል ማለት ከሰው እጅ ነጻ መውጣት ማለት እንዳልሆነም እዚያው ጎዳና ላይ ይታያል። አውቶቡስ ተራን ታክኮ የሚያልፈው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ቆሙ። ናፍጣ ከጅቡቲ እንደሚጠበቅ ሁሉ ባትሪውና መለዋወጫውም ከቻይና ይጠበቃል። ልዩነቱ ናፍጣ በየዕለቱ የሚቃጠል መሆኑ ነው፤ መለዋወጫውን ግን በጊዜው ገዝቶ ማከማቸት፣ አንዳንዱንም እዚሁ መሥራት ይቻላል። ምናለሽ ተራ ያሉት እጆች ያልሞከሩት ነገር የለም።

ታዲያ ጋዙን ምን እናድርገው? መሬት ውስጥ ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የዓለምን አየር ያበላሹት እነማን እንደሆኑ እናውቃለን፤ እኛ በድህነታችን ልንቀጣ አይገባም። ነገር ግን ጋዙ ለምን እንደሚሆንና ለምን እንደማይሆን ለይቶ ማወቅ ግድ ነው። ብዙ ሰው ካሉብ ሲባል ቡታጋዝ ሊረክስ ነው ብሎ ያስባል። ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው ቡታጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፤ በትንሽ ግፊት ይፈሳል፣ በሰው ትከሻ ይዞራል። ከካሉብ የሚወጣው በአብዛኛው ሚቴን ነው። ሚቴን ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ነው። ወደ አማኑኤል ጓዳ ለማምጣት በየመንደሩ ቧንቧ መዘርጋት ይጠይቃል። ቧንቧ ከምንዘረጋ ሽቦውን ብናወፍር ይቀላል፣ ይረክሳልም። ጭስ ያቃጠላቸው እናቶች ዓይን የሚድነው በመብራት ነው።

ከባድ መኪና ግን ሌላ ነው። ከጅቡቲ ሽቅብ ጭነት የሚጎትት ተሳቢ በባትሪ ማስኬድ ዛሬ ቀላል አይደለም፤ በፈሳሽ ጋዝ የሚሄድ መኪና ግን በቻይና መንገዶች ላይ ብዙ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማዳበሪያ አለ። ዩሪያ የሚሠራው ከሚቴን ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት የ2.5 ቢሊዮን ዶላር የዩሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ተስማምቷል፤ ጋዙም ከካሉብና ከሂላላ በቧንቧ ይመጣል ተብሏል። የጎጃም ገበሬ ሐምሌ ላይ ማዳበሪያ አጥቶ የቀበሌ ደጅ ሲጠና የኖረበትን ዘመን ያየ ሰው ይህን ፋብሪካ ከማጣሪያው ያስቀድማል። እኔ አስቀድማለሁ።

ስለ ጎጃም ካነሳሁ አዊን መዝለል አልችልም። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው በለቀቀ መሬቱ ላይ ከአውስትራሊያ የመጣ ግራር ይተክላል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቆርጦ ከሰል ያደርገውና በጆንያ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። መሬቱ ተራቁቶ ነበር፤ ዛፉ አለበሰው፣ ገበሬውም ገንዘብ አገኘ። ቆይቶ በሽታ ገባበትና ብዙ ማሳ ጠወለገ። መርካቶ የሚወርደው ከሰል ሁሉ ከተተከለ ዛፍ ቢሆን ነገሩ ባልከበደ፤ ብዙው ግን ማንም ካልተከለው ጫካ የሚመጣ ነው። የአገሪቱ የኃይል ፍጆታ ከመቶ 85 በላይ አሁንም እንጨት፣ ከሰልና ኩበት ነው። በነዳጅና በግድብ መሃል ስንከራከር ትልቁን ድርሻ የያዘውን እንረሳዋለን። ላቀች ምድጃ በ1980ዎቹ ሲመጣ ከሰል ይቆጥባል ተብሎ ነበር፣ በእውነትም ይቆጥባል። መቆጠብ ጥሩ ነው። የሚያስፈልገው ግን ሴትየዋ ሁለተኛውን ምድጃ ሳትገዛ የምትሄድበት ቀን ነው።

የጋዙ ባለቤቶችም አሉ። ሺላቦ ወረዳ ያሉ አርብቶ አደሮች ጉድጓዶቹ ከተቆፈሩ ወዲህ ሰዎችና ከብቶች ባልታወቀ ሕመም እየሞቱ ነው ብለው ሲያማርሩ ቆይተዋል፤ በ2012 ዓ.ም. አቤቱታቸው በዓለም ጋዜጦች ወጣ፣ መንግሥት አስተባበለ። ማስተባበል ምርመራ አይደለም። ውኃውን፣ አፈሩን፣ የሰዎቹን ደም ገለልተኛ ላቦራቶሪ መርምሮ ውጤቱን በሶማልኛም በአማርኛም ማሳተም ከፋብሪካው ወጪ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 ከነዳጅና ከጋዝ የሚገኘውን ግብር ፌዴራልና ክልል በጋራ እንዲጥሉ ይላል። ክልል ደርሶ ወረዳ ካልደረሰ ግን እረኛው የሚያየው በሌሊት የሚነድ እሳትና በአጥር የተከለለ ግጦሽ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ቁጥሮች በይፋ ቢነገሩን እወድ ነበር፤ ከጋዙ ለማዳበሪያ ስንት እንደሚመደብ፣ ለሺላቦ ስንት እንደሚደርስ፣ ከነዳጅ ግዢ ከሚተርፈው ዶላር ውስጥ ለትራንስፎርመርና ለሽቦ ስንት እንደሚውል። ሦስተኛው አማኑኤልን በቀጥታ ይነካል። መብራት አገልግሎት በየሰፈሩ ያሉትን ትራንስፎርመሮች ጭነት ለክቶ ከዓውደ ዓመት በፊት ቢቀይር፣ ምጣድ ሠሪዎቹም ሙቀት የሚይዝ መሸፈኛ ያለው ምጣድ እንዲሠሩ ሥልጠናና ብድር ቢያገኙ፣ በአንድ ምጣድ ሩብ ያህል እንኳ ብንቆጥብ፣ ያንኑ አንድ ሚሊዮን ምጣድ ብናስብ፣ ወደ 900 ሜጋ ዋት የሚጠጋ ነው። የጊቤ ሦስት ግማሽ ያህል ይሆናል፤ ያለ ምንም ቁፋሮ።